ከጋቢና ወርዶ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ላይ ተጣብቄ፣
ከደጀን ሲሚንቶ፣ ከቡሬ በቆሎ ጭኜ አጭቄ፣
አንድ ጠዋት ወገቤ ተቆለፈ።
ቁልፉ የት እንደ ወደቀ እንጃ፤
ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፣ እንደ ማጭድ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል
ኪኒን ስጠብቅ፣ መርፌ ስጠብቅ፣
ባንቺአምላክ የምትባል ልጅ፣ ንግግሯ እንደ ጥርሷ ድርቅ፣
ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች፤
«ዮጋ ይባላል። ይኼነው፣ ውረድ» አለች።

ሳቄ መጣ።
እኔ የማውቀው ዮጋ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤
እግሩን አንገቱ ላይ እንደ ሻሽ የጠመጠመ ሰው ነው።
እኔ እኮ የጫማዬን ክር ለማሰር
ረዳት የምጠራ ነኝ።
«እግርህን ማን ጠየቀህ? መጀመሪያ ተንፍስ፤
ቀስ ብለህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ መልስ።»
ሳብኩ።
ስንት ዘመን ናፍጣ ስስብ ኖሬ
አየር የሚባል ነገር ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

በወሩ ምንጣፏን መለስኩላት፤ ሸራ አለኝ፣
እህል የማለብስበት፣ ጠርዙ የተተለተለ።
ደጀን ከሚዛኑ ጀርባ፣ ተራዬ እስኪደርስ፣
አንጥፌው በአራት እግሬ ቆምኩ።
ጀርባዬን እንደ ድመት ወደ ላይ ስቀስር፣ ወደ ታች ሳጎብጥ
ሹፌሮች ከበቡኝ፣ አንዱ ጫቱን ሲያላምጥ፣
«ምን ጠፋበት?» አለ።
«ጤናው!» አለ ሌላው።
ረዳቴ ጓዴ ሳቁን በእጁ አፍኖ፣
«ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ ገብቶብሃል» አለኝ።

ዓባይ በረሃ ጎማ ፈነዳ።
ግራር ጥላ ሥር በአንድ እግሬ ቆምኩ፣
ሌላውን ጉልበቴ ላይ ደግፌ።
አንድ ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ተደላድሎ
ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ እንደ ባንቺአምላክ።
ወደቅሁ። አቧራዬን አራግፌ ደግሜ ቆምኩ።
ጎማው ተቀይሮ፣ ክሪኩ ተጭኖ፣
መንገድ ስንጀምር ነው ጓዴ የነቃው፤
«ጋሼ፣ ዛሬ እናቴን አልሰደብካትም» አለ።

ቡሬ ያለው መኝታ ቤት ጠባብ ነው፤
እጄን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ።
እዚያ የሚሆነው በጀርባ መጋደም ብቻ፤
«እንደ ሬሳ ሁን» ብላኛለች፣ ጣት ሳታነቃንቅ።
ከወዲያ ሰው ይጣላል፣ ከወዲህ ሬዲዮ ያለቅሳል።
በአረቄ ተደግፎ ይመጣ የነበረ እንቅልፌ
ያን ሌሊት ብቻውን መጣ፣
ሳይንገዳገድ።

ቢቸና፣ አባቴ ቤት ደጅ፣ ገና ሳይነጋ፣
መሪጌታ አንማው ከማኅሌት ሲመለሱ
በሸራዬ ላይ ተደፍቼ አገኙኝ።
መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።
«የማን ጸሎት ነው ይኼ?»
«ጸሎት አይደለም አባ። የወገብ ነገር ነው።»
ዝም አሉ። ውሻው አዛጋ።
«እኛ ለነፍስ ስንሰግድ ወገባችን በምርቃት ይፍታታል፤
አንተ ለወገብህ ስትሰግድ
ነፍስህ በምርቃት ምን እንደምታገኝ ማን ያውቃል?»
ብለውኝ ገቡ።
እስካሁን መልስ የለኝም።

ወገቤ? ክረምት ሲገባ አሁንም ያጉረመርማል።
ጫማዬን ግን ራሴ አስራለሁ።
ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ስቀንስ
ትንፋሼም አብሮ ይቀንሳል፤
ገደሉ በግራዬ፣ ጭነቱ ከጀርባዬ።
ከኋላ አንድ ችኩል ጥሩምባውን ይነፋል።

ይንፋ።
እኔ ልተንፍስ።