የሚወጣበት

ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ንፋስ እከተላለሁ» እላለሁ፤
ቀልድ ይመስላቸዋል፤ ደመወዝ አለው።
ዘጠኝ ወር ሞላኝ በዚህ ቢሮ፣
በዊኒፔግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በበረዶ ታጥሮ።

ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ የማውቀው መስሎኝ ነበር፣
ግፊትና ፍጥነት በቀመር ሲደረደር።
አለቃዬ ኦሬስት ግን በቀይ እርሳስ ዳር ዳሩን እየዞረ፣
የሣልኩትን የአየር ቦይ እንደ ደም ሥር እየቆጠረ፦
«እዚህ ጋ ሲታጠፍ ይጮኻል፤ እዚህ ጋ ምሰሶ አለ፤
ወረቀቱ ሁሉን ይሸከማል፤ ህንፃው ግን እሺ አላለ።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ትምህርት ቤት ነው፤ አሮጌ፣ በጡብ የቆመ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ የሚታመመ።
ሠንጠረዡን ገለጥኩ፦ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ሊትር በሰከንድ፣
ለወለሉ ስፋትም ሌላ፤ ደመርኩት አንድ በአንድ።
ከሥዕሉ ጥግ፣ በትንሽ ፊደል፣ «ነዳፊ፦ ትርሲት» አልኩ፤
ማንም ሳያየኝ ለራሴ ፈገግ አልኩ።

በጥር ጠሩን።
የክፍሉ በር አልዘጋም ብሏል፤ በግድ ሲዘጉት ያፏጫል፤
ልጆቹ መንፈስ ነው ይላሉ፤ አንዱ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል።

ዳንቴ መጣ፣ ቆርቆሮ ሠሪው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቦይ ያጠፈ፤
ከማኒላ ይዞት የመጣው ቀልድ በዚህ ብርድ ያልረገፈ።
እኔ መሣሪያዬን ዘረጋሁ፣ ጃንጥላ የመሰለ መለኪያ፤
እሱ ከኪሱ ሶፍት አወጣ፣ ከምሳ የተረፈ የአፍ መጥረጊያ።
ከበሩ ስንጥቅ አስጠጋት፤ ሶፍቷ ተወጠረች፤
ወደ ኮሪደሩ ተዘርግታ፣ እየተንቀጠቀጠች ቀረች።
«አስገባሽው፤ ጥሩ። በየት በኩል ይውጣልሽ?
ጠርሙስ ውስጥ እፍ በይ እስቲ፤ መልሶ ፊትሽን ነው የሚመታሽ።»

ሥዕሌን ዘረጋሁ፣ በልጆቹ ድንክ ጠረጴዛ ላይ፤
መላሹ ቦይ ከግድግዳው ደርሶ ቆሟል። ማን ላይ
ላመካኝ?
ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር፣ ዓርብ ማታ።
ሰኞ ረሳሁት።
ኦሬስትም፣ በዚያ ሁሉ ቀይ መሀል፣ አላየውም፤
ስንነግረው ጆሮው ቀላ፤ «ሁለታችንም» አለ፤ ሌላ አላለም።

መምህርቷ፣ ወይዘሮ ፍሪዘን፣ ስንለካ ቆማ ስታየን ቆየችና፦
«ከምሳ በኋላ ያዛጋሉ» አለች፤ «አንዱ ሲጀምር ሁሉም ያዛጋል፤
ሦስት ዓመት ነው፤ ክፍልፋይ ላይ ስደርስ ግማሹን እንቅልፍ ይወስደዋል።
ከእኔ መስሎኝ ነበር፤ ከድምፄ፣ ከአስተማሪነቴ፤
ማታ ማታ እለማመድ ነበር፣ ብቻዬን በቤቴ፣
ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ።»

የምለው አጣሁ።
ልጆቹን ቆጠርኩ።
ሥዕሌ ላይ ሃያ ስድስት ናቸው፤ እዚህ ሠላሳ አንድ።
አምስቱ ትንፋሻቸውን
ከጎረቤት ሲበደሩ ከርመዋል።

በየካቲት ዳንቴ ግድግዳውን በሳው፤ ቦዩ ተቀጠለ፤
እኔም ቁጥሬን አስተካክዬ ማራገቢያው ፍጥነት ጨመረ።
በሩ ተዘጋ፤ እንደ ማንኛውም በር፤ ሳያፏጭ፣ ሳይቆጣ፤
ሶፍቷም ወደ መላሹ አፍ ተስባ ተለጠፈች፤ ዳንቴ ሳቀና ወጣ።
ማንም አላጨበጨበም።
ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ሁለተኛ፤ ትምህርቱ ቀጠለ።
ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አዛጋ።
ብቻውን።
ጠበቅኩ፤ ማንም አልተከተለው።

ማታ ቤቴ ስገባ የሻወር ቤቱ መስታወት አልቦታል፤
ከጣሪያው ጥግ ያለው ፋን እንደ ወትሮው ያጓራል።
ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፁን ሰምቼ ይሠራል ብዬ ነበር።
ከካፖርቴ ኪስ የተጨማደደ ሶፍት አወጣሁ፣
ከወንፊቱ አስጠጋሁ፣
ለቀቅኩት።

እጅ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀ።

ለአከራዬ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ «የተከበሩ» ላይ ስደርስ ተውኩት፤
አሁን ወንበር ላይ ቆሜያለሁ፣
ካቻቢቴውን በጥርሴ ይዤ።