ሦስት ጥርስ

ኤልጎይባር ዘነበ፤ ዴባ ወንዝ ደፍርሷል፣
ሳቢን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ብረት ጥሏል።
መዳፍ የምታክል፣ ስድስት ጥርስ ያላት፣
የወይን እርሻ መኮትኮቻ ፍሪሲዮን ናት።
«ዐሥራ አንድ ዩሮ ከአርባ ትፈጃለች ይህች፤
የቱርኮቹ እህቷ በስድስት ተሸጠች።
እስከ ወሩ መጨረሻ አምስት አድርጊልኝ» ብሎ፣
ሄደ ዣንጥላውን ከእጁ አንጠልጥሎ።

እንደ ምስክር ሰው አቁሜ ጠየቅኳት፣
«ይህስ ለምን መጣ?» እያልኩ አገላበጥኳት።
ይህ የጠርዙ ቅስት? ለዓይን እንዲያምር ነው።
ይህ የዘይት ቀዳዳ? ዘይት የማያውቀው፣
ከበሳው ሰው በቀር ማንም ያልጎበኘው።
ጀርባዋ ለምንድን እንደ መስታወት ጠራ፣
ካምቢዮ ውስጥ ገብቶ ጨለማ ሊያበራ?
ጥርሷስ ለምን ስድስት? ማን ነው የቆጠረ?
የድሮውን ንድፍ ባወጣው ፊርማ ብቻ ነበረ፣
ፈራሚው ከሞተ ዐሥር ዓመት ተሻገረ።

ላጲሴን አነሣሁ።
ጠርዙን ፋቅኩ፤ የዘይቱን ቀዳዳ ደፈንኩ፤
ከስድስቱ ጥርስ ሦስቱን ነቀልኩ።
ከእንግዲህ ከፍሬዛ ሥር አትውልም፣
ሊማ ገላዋን አይነካውም።
ዱቄት ትሆናለች፣ የብረት ዱቄት፤
ፕሬሱ ይረግጣታል በአንድ ቅጽበት፤
ከዚያ ምድጃ፣ ከዚያ ሣጥን ትገባና፤
ዋጋዋን ደመርኩት፦ አራት ከዘጠና።
ደስ አለኝ። እንደ ሌባ ደስ አለኝ።

ለሙከራ የምትሆነውን አንዷን
ኤውሴቢዮ ቀርፆ ሰጠኝ፤ ምንም አላለም።
ረቡዕ መሞከሪያው ላይ በቡሎን አሰርናት፣
ያዥ፣ ልቀቂ፣ ያዥ፣ ልቀቂ፣ እያልን ነዳናት።
አራት ሺህ ሊሞላ ሰባት ጊዜ ሲቀር፣
እንደ ለውዝ ቅርፊት ቀጭ የሚል ድምፅ ነበር።
አንዱ ጥርስ ከሥሩ ወልቆ ተንከባሎ፣
ኤውሴቢዮ ጫማ ሥር ቆመ፣ እንግዳ መስሎ።

በዚያች ፍሬዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረው፣
ስድስት ስድስቱን ጥርስ አንድ በአንድ የሞረደው፣
የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የሌለው፣
ሰላም አላለኝም፤ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣
ባንገቱ በሰቀለው አጉሊ መነጽር አየው።
«ሥሩ ስለት ነው» አለኝ፤ «ብረት ሲሞት
ከማዕዘን ነው የሚጀምረው።
ክብ አድርጊለት። ክብነት ገንዘብ አይጠይቅም፣
ቅርጽ ማውጫው አንዴ ይቆረጣል፤ ሁለቴ አይከፈልም።
ጉንጩንም ወደ ውስጥ አዘንብዪው፣ አምስት ዲግሪ፣
ሲጎተት እንዲነክስ እንጂ እንዳይሸሽ እንደ ፈሪ።»
«መቼ ዐወቅህ?»
«ድሮ።»
«ለምን አልነገርከንም?»
«ማን ጠየቀኝ?»

እርሳሴን ተቀበለኝ።
ቅስቷ ትንሽ ናት፣ የጥፍር ቁራጭ ታክላለች።
ማክሰኞውን፣ ሐሙሱን፣ የፍሬዛውን ውሎ፣
በዚያች ቅስት ቆረጠው፣ በገዛ እጁ ስሎ።
«ሥራህ እኮ ነው» አልኩት።
«ዐውቃለሁ» አለ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤
ወደ መስኮቱ ዞሮ «ዝናቡ አባራ» አለ።
አላባራም ነበር።

አርባ ሺህ ጊዜ ያዘች፤ አርባ ሺህ ለቀቀች፤
አንዲት ጥርስ ሳትሸረፍ ከቡሎኑ ወረደች።
ሳቢን የፖም ጠጅ ቀዳ፤ እኔን አመሰገነ፤
ፍሬዛዋ ሸራ ለበሰች፤ ኤውሴቢዮም፣
ጡረታው ዐሥራ አራት ወር ሲቀረው፣
የመጋዘን ሣጥን ቆጣሪ ሆነ።

ቅርጽ ማውጫው ለቆራጩ ከመላኩ በፊት ማታ፣
ከጀርባዋ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣
ጥንት እንደ መስታወት ይጠራ በነበረው ፊት ላይ፣
አንዲት ፊደል አስገባሁ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ስትታይ፦
«ኤ»።
ሳቢን ንድፉን አየና «ይህቺስ ስንት ትፈጃለች?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።
«አንዴ ብቻ ነው የምትቆረጠው።»