ይሁን

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ ዘጠና ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፍኩ፣ ጉልበቴን ማን ይጠይቅ።
ከመጨረሻው ሕንፃ ወዲያ ጤፍ የተዘራበት ማሳ፣
ከማሳው ወዲያ ሌላ ሕንፃ፣ አጥንቱ ብቻ የተነሣ።

ውብርስት በሩን ከፈተች፤ ግንባሯ የአባቷ ነው።
«እትዬ፣ ለቤተ መዛግብት ልሰጠው ነው» አለች፣
«የትኛው የሱ እጅ፣ የትኛው የሰው፣
ካንቺ በቀር የሚለይ የለም።»

እውነቷን ነው። ዘጠኝ ዓመት ጭረቱን ስፈታ ኖሬያለሁ፤
«ሀ»ው ጎባጣ፣ «ነ»ው ቆልማማ፣ እንደ ልጄ አውቃቸዋለሁ።
ጋሽ ድልነሳው ሲናደድ ብዕሩ ወረቀት ይበሳል፤
ሲያዝን ግን፣ ሲራራ ግን፣ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል።

ካርቶኖቹ አሥራ አንድ ናቸው፦ የዘይት፣ የፓስታ፣ የሳሙና፤
አንዱን ዝናብ ጎብኝቶታል፣ አንዱን አይጥ፣ የቀሩት ደህና።
ምዕራፍ አራትን አይጦቹ አንብበው ጨርሰዋል፤
እኔም ስተይበው አልወደድኩትም፤ እነሱ ግን ደፍረዋል።

ውብርስት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትመዘግባለች፦
ያልተከፈለ የመብራት ደረሰኝ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ስንኝ፤
«መቶ ብር አበድረኝ» የሚል ብጣሽ፣ ከማን እንደሆነ እንጃ፤
የሳንሱር ማኅተም ያረፈበት ገጽ፤
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ያልሄደበት።
የእናቷ ደብዳቤ። እሱን ሳታነብ አጠፈችው፤
«ይሄ አይቆጠርም» አለች፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ካርቶን አምስት ውስጥ የአውስትራሊያ ቴምብር።
አንዲት ገጣሚ፣ ልብ ወለድም የምትጽፍ፣
በሆነ ጉባኤ ላይ አንድ ቀን ያገኛት፣
ሃያ ዓመት ሲጽፍላት፣ ስትጽፍለት የኖረች።
ውብርስት እየተረጎመች የመጨረሻውን አነበበችልኝ፦
«ወረቀቶቼን ገዙኝ። ግራጫ ሣጥን፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣
ለእያንዳንዷ ቁራጭ ቁጥር፤
የጎመን መግዣ ዝርዝሬን በጓንት ነው የሚነኩት።
ድልነሳው፣ እኔ እኮ ገና በሕይወት አለሁ፤
ትናንት የራሴን ማስታወሻ ላይ ብሄድ
መታወቂያ ጠየቁኝ።»
ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም የጠቆረ እጃችንን አየን።

ካርቶን ሰባት፣ የታወቀው ልብ ወለዱ ነው፤
ኦሊቬቲዬ «ጭ» ላይ ስትደናቀፍ የመታሁት።
ሠላሳ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ላውጣው፦
እሱ የጻፈው «በሩን ዘግታ ሄደች» ነበር፣ መጨረሻው።
መሽቷል፤ የሰዓት እላፊው ቀርቧል፤
ያቺ ሴት ከስንት ገጽ ጀምራ አንጀቴን በልታዋለች፤
ጣቴ እንቢ አለኝ።
«በሩን ሳትዘጋ ሄደች» ብዬ መታሁ።

ታተመ። ስለዚያ ክፍት በር ስንቱ ስንት ጻፈ!
አንዱ አገር ነው አለ፤ አንዱ ተስፋ ነው አለ፤
አንዱ ደግሞ የሴቲቱን ግዴለሽነት ወቀሰ።
እሱ መድረክ ላይ ሲጠየቅ ጺሙን ይዞ ዝም ይላል፤
እኔን ከኋላ ወንበር ላብ ያጠምቀኛል።

አሁን ገጹ እጄ ላይ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።
«ሳትዘጋ» በቀይ ተከቧል፤
ኅዳጉ ላይ፣ በዚያች ከጤፍ በምታንሰው ፊደል፣
«ይሁን። እሷ ትሻላለች።»

እሷ ማን ናት? የመጽሐፉ ሴት? ክፍቱን በር የመታችው?
የሞተ ሰው አይጠየቅ።

«ይሄስ የማን እጅ ነው?» አለች ውብርስት።
«የአባትሽ።»
«ምን ብዬ ልጻፍ?»
«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንድ ቃል፣
በቀይ፣ በደራሲው የጸደቀ።»
ጻፈች። ከማን ጸደቀ፣ ብላ አልጠየቀችም።

ጀንበር ከማሳው ማዶ ዘመመች፤
ውኃ መጣ ተብሎ ደረጃው በጀሪካን ተናወጠ።
ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ
ድምጿ ተከተለኝ፦
«እትዬ፣ በሩን ሳቢው! አቧራ ይገባል።»

ተመልሼ ወጣሁ።
ሳብኩት።