የጋሽ ሙሄ ቁልፎች

ጣልያን ነው ያሠራው፣ ድንጋዩን ከጦሳ
የእኛው ሰው ተሸክሞ፣ የእኛው ሰው አነሣ።
ሲሸሽ ቁልፉን ረሳ።

አርባ አንድ የናስ ቁልፍ፣ በአርባ አንድ ሚስማር፤
ጋሽ ሙሄ ቁጥር ለየ፣ ፊደሉን ሳይማር።
ምንጣፉ ቀይ ነበር፣ መብራቱ ክሪስታል፤
በዚያ ሲያልፍ የደሴ ሰው ኮቱን ያቃና ነበር ይባላል።
ደጃዝማቹ ሲያድሩ፣ በቅሏቸው በረንዳ፤
ነጋዴው ከባቲ፣ ከነጨው ከነዕዳ።

ደግሞ ካድሬው መጣ፣ ስሙን ለወጠበት፤
የዳንሱ አዳራሽ ሂስ ተደረገበት።

በሰባ ሰባቱ፣ ፈረንጅ ሞልቶት ሳለ፣
«ለአሥራ አራት ቁጥር ሾርባ አምጣ» ተባለ።
ሾርባው ግን ያን ዕለት ፎቅ ላይ አልደረሰም፤
የት ገባ ቢሉትም፣ ዛሬም አልመለሰም።

ጦርነቱ መጣና፣ አልጋ ሳህኑ ነጎደ፤
መስታወቱ ረገፈ፣ ፍራሹ ተቀደደ፤
በሩም ሳይቀር ሄደ።

ዛሬም ጋሽ ሙሄ አለ፣ ናሱን ይወለውላል፤
«በር ለሌለው ቁልፍ…» ስንለው ይስቃል።
ማታ ማታ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና
ሳይመዘገብ ገብቶ፣ ሳይከፍል ያድርና፣
ጠዋት፣
ከአርባ አንዱ መሀል
የአሥራ አራቱ ብቻ ረጥቦ ይገኛል።