ቀለበቱ ሲወልቅ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ መቶ አራት፣
ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ውሃ በጠፋበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ናሁሰናይ ደርሶ
በሬን ቆረቆረ፣ ላቡን በእጁ አብሶ።
ከብብቱ አወጣ የተጠቀለለ ጨርቅ፤
ሲፈታው ከውስጡ ሁለት ሲጋር ብቅ።
«አንዱ የሃቫና ነው፣ ዋነኛው፣ እውነተኛው፤
ከኒካራጓ ነው ይሄኛው ሌላኛው።
ለዚህ የከፈልኩት የወር የቤት ኪራይ፤
ያኛውን መረቁኝ፣ እንደ ሰማይ ሲሳይ።»

ናሁሰናይ እንዲህ ነው፤ ስም ሲያይ ይረታል፤
ስለ ጫማው ቢጠይቁት ሀገሩን ይጠራል።
እኔ ግን ኬሚስትሪ ሳስተምር ያረጀሁ፣
መለያ ወረቀት ከልጅነቴ ያላመንሁ፣
«ቀለበቱን እናውልቅ፣ ዓይንም ይታሰር፤
የስም ነገር ይቅር፣ ጭሱ ይመስክር።»

ዳኛ አስፈለገና ወረድኩኝ ምድር ቤት፣
ልብስ ሰፊዋን ደብሪቱን ከነሜትሯ አመጣኋት።
አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር በመርከብ ስትጫን፣
አባቷ ካራማራ ወድቆ፣ ቀርታ ያለ ወገን።
ፒናር ከሚሉት አገር፣ ቀይ አፈር ላይ ሠርታለች፤
የትንባሆ ቅጠል ጅማት በጥፍሯ ስባለች።
«በድንግል ጭን ላይ ነው የሚጠቀለለው!»
ናሁሰናይ አላት። «ውሸት ነው» አለችው።
«በጣውላ ላይ ነው፤ በቢላ፣ በሙጫ፤
ጭን ያልከው ተረት ነው፣ የገበያ ማጣፈጫ።»

ዓይኗን በእራፊ አሰርን። በረንዳ ላይ ቆመች።
የመጀመሪያውን ሳበች። ቆየች። አሰበች።
ነፋስ ከተቆፈረው ኮረብታ አቧራ አመጣ፤
ሁለተኛውን ሳበች፤ እንባ ከጨርቁ ወጣ።
«ይኼ ነው» አለች፣ «የኔ፤ ይኼ ነው ሃቫና፤
ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው የሚሸት እንዲህ ነውና።»

ናሁሰናይ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩኝ።
ከዚያ ወረቀቴን አይቼ፣ «የኒካራጓው ነው፤ ማሪኝ።»

(እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጭሱ ነው ያስለቀሳት?
ወይስ የኛው ኮረብታ አፈር ነው የሸተታት?)

ጨርቁን አወለቀች። ትቆጣለች ስንል
ሳቀች፤ ሳቋ ሮጦ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል።
«እንግዲያ ዘሩ ነው! ከኩባ የወጡት፣
መሬት ሲወረስባቸው ዘር ይዘው የሸሹት፣
በኪሳቸው አሻግረው በሰው አገር ዘሩት፤
አፈሩን ለመደና ስሙ ብቻ ቀረበት።
ሃቫናውም ክፉ አይደል፤ ልስልስ ነው፣ ማር ማር ይላል፤
ግን የዋጋውን እኩሌታ ስሙ ይበላዋል።
የተከለከለ ነገር፣ መቼስ፣ ያስጎመጃል።»
«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል!» አለ ናሁሰናይ በኩርፊያ።
«ይዋል፤ ግን ስም አይጨስም፤ ለሣጥን ነው ማስዋቢያ።»

ይኼኔ ኦቦ ረጋሳ፣ የብሎኩ ዘበኛ፣
እሳት መስሎት ወጣ ዱላ ይዞ ወደ እኛ።
(ብሎኩ የቆመው ከእርሱ የጤፍ ማሳ ላይ፤
ካሳው ስንት ነበር ሲሉት ያያል ወደ ሰማይ።)
ጋያ የለመደ ሳንባው ሁለቱንም ቀመሰ፣
አንዱን አንዴ፣ አንዱን ሁለቴ፣ ጢሙን እየዳሰሰ።
የትኛው እንደሆነ ሁለቴ የሳበው፣
ናሁሰናይ ቢጠይቅ፣ «ቅርብ የነበረው» አለው።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣
«ስማቸውን ሰማሁ፣ የእገሌ አገር ተብሎ፤
የተከለው ሰውዬስ? እሱ ስም የለውም?»
ማንም አልመለሰ፤ ናሁሰናይም፣ እኔም።

ደብሪቱ የወለቀውን ቀለበት አነሳችው፣
ወርቅ ቅብ ወረቀት ነው፤ በጣቷ ሞከረችው፤
መርፌ ያሳበጠው አንጓዋ አላሳልፍ አለው።

«ውሃ መጣ!» አለ አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ፤
ጀሪካን ተንኳኳ፣ በር ተከፈተ፣ ሁሉም እልቅ፤
ዳኛዋም፣ ዘበኛውም፣ ባለሲጋሩም ሲንደረደር፣
እኔም ባልዲ ይዤ፣ ውጤቱን ሳልጽፍ በደብተር፤
በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ በሻይ ሰሃን፣ እንደ በራ፣ ሳይወድቅ፣
ሃቫናው ብቻውን ጨሰ፣ ማንም ሳያደንቅ።