ታኮ

በሰባ አንድ ዓመቱ፣ አዲስ አበባ፣ ደረቱን ከፈቱት፤
ከእግሩ የደም ሥር ነቅለው ለልቡ አደረጉት፣
የተደፈነውን መንገድ በጎን አሻገሩት።

«ይኼማ የኔ ሙያ ነው» አለ ሙሄ ሲነቃ፣
«ከአንዱ ፈትቶ ላንዱ መግጠም፣
ሐረጎ ወገብ ላይ፣ በጨረቃ።»

ሞተሩስ ተነሣ። ሳንባው ግን አኮረፈ።
አርባ ዓመት የናፍጣ ጭስ ያጠጣነው ሳንባ
ከሰመመኑ ሲመለስ ከታች በኩል ታጠፈ፣
ዝናብ እንደበላው ሸራ ተጠቅልሎ አረፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ደሴ ገባን።
ቤቱ ቧንቧ ውሃ፣ ደረጃው ሃያ ሁለት፤
ሰባተኛው ላይ ቆመ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣
ጦሳን በጉም ተሸፍኖ አየና
«አየሩ ቀጥኗል» አለኝ፣ «ማነው ውሃ የጨመረበት?»

ውሃውስ እሱ ውስጥ ነበር።
ከግራ ሳንባው ሥር በመርፌ ሲቀዱት
አዲስ ዘይት የመሰለ፣ ሊትር ከሩብ ሞላ፤
ሌሊቱን ትኩሳት ተነሣ፣ አክታው ቢጫ ሆነ ኋላ።

ሲስተር ዘሙ ሦስት ኳስ ያላት የላስቲክ ዕቃ ሰጠችው፤
«አይንፉ አባ፣ ወደ ውስጥ ይሳቡ!» አለችው።
ዕድሜውን ሙሉ ፊልትሮ ሲያራግፍ የኖረ፣ ነፋ።
ደግሞ ሳበ፤
አንዷ ተነሣች፣ ሁለተኛዋ ተርገፈገፈች፣
ሦስተኛዋ ንቅንቅ አላለች።
«ሦስተኛ ማርሽ እምቢ አለ።»

ከሁሉ የከፋው ሳሉ ነው።
«ካልሳሉ አክታው ይረጋል፣ ሳንባዎም ይዘጋል» ትለዋለች።
እሱ ግን አጥንቱ የታሰረበትን ሽቦ በጣቱ ዳስሶ
«ከሳልኩ እፈታለሁ» ይላል፤ ሳሉን ይውጣል መልሶ።

እኔ ረዳቱ ነበርኩ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ።
ከአሰብ ጨው ጭነን፣ ኤንትሬው ሐረጎን ሲወጣ፣
ማርሽ ሲዘል፣ ፍሬን ሲሳሳ፣
«ታኮ!» ሲል በመስኮት፣
እንጨቴን ታቅፌ ዘልዬ ከጎማው ሥር ስሸጉጥ፣
ከኋላዬ ገደል፣ ከፊቴ ያ ሁሉ ቶን ሲንቀጠቀጥ፣
አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ ለቅቄበት አላውቅም።

እኩለ ሌሊት ላይ እጁ ከአልጋው ተነሣ።
ቃል የለም፤ ጭንብሉ ውስጥ ትንፋሹ ያፏጫል።
ጥሪውን አውቀዋለሁ።
ትራሱን ደረቱ ላይ ጣልኩ፣ በሁለት ክንዴ አቅፌ ጫንኩት።
«አብሽር። ሳል። ይዤሃለሁ።»

ሳለ።
አልጋው ጮኸ፣ ሽቦው ያዘ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤
ከታች፣ ከታጠፈው ሸራ ሥር፣ የረጋ ጓል ተሰበረ።
ወደ ኋላ አልተንሸራተተም።

«ደሴ ከፍ ይልበታል» አለ ዶክተሩ ሲሸኘን፣
«ለጊዜው ልጁ ዘንድ፣ ኮምቦልቻ ይክረም።»
በሚኒባስ ሐረጎን ወረድን፣ እሱ ተሳፋሪ፤
በየኩርባው ቀኝ እግሩ ባዶ ወለል ይረግጣል፣
መንገዱ ቀጥ ሲል ኳሶቹን ከፌስታል አውጥቶ ይስባል።

ሁለተኛዋ ወጣች፣ ኮምቦልቻ ስንገባ።
ሦስተኛዋ እስከ ዛሬ እምቢ ብላለች።
ትራሱ የሆስፒታሉ ነው፤
አልመለስኩትም።