ሁለት መቶ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ቤርሳቤህ። ከባቡር ጣቢያው ማዶ
ሦስተኛው ፎቅ ላይ እኔ ብቻ፤ የኖጋ ወንበር እንኳ ባዶ።
ፈተናዎቼ ይሮጣሉ፣ ሦስት መቶ አርባ፣
ሌሊት ሌሊት የሚጠይቁ በኔ ፈንታ፣
የአገልግሎቱን በር እያንኳኩ
«አለህ ወይ?» የሚሉ ላንዳፍታ።

እሱም ይመልሳል፦ ሁለት መቶ።
ሁለት መቶ ማለት፣ በነሱ ቋንቋ፣
«ደህና ነኝ፣ የጎደለ የለም።»
አረንጓዴ። አረንጓዴ።
ሰባት ወር ሙሉ አረንጓዴ።

ትናንት ከዲሞና አንዲት ሴት ደወሉ፣
የመድኃኒት ዝርዝሬ ጠፋ አሉ።
«ኮምፒውተሩ ውስጥ የለሽም ይሉኛል፤
ወንበሩ ላይ ግን ይኸው ተቀምጫለሁ።»
ጥያቄውን በእጄ ላክሁት፣ መልሱን ፈታሁት፦
ራሱ ላይ ሁለት መቶ፣
አካሉ ሁለት ቅንፍ፣
በመሃላቸው ምንም።
የኔ ፈተና ቁጥሩን አይቶ አልፏል፤
አካሉን አንብብ አላልኩትም።

«ደህና» ያለ ሁሉ ደህና ነው ብዬ
የጻፍኩት እኔው ነኝ።
ስሜ አለበት፤ ቀኑም አለ።

አንድ መስመር ጨመርኩ፦
ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ፣ ውደቅ።
ሮጠ። ወደቀ።
ቀዩን ሳየው ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣
የጽዳት ሠራተኛው ሚካኤል ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አባቴ መጣብኝ።
ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ የቆመበት።
በየዓርቡ፣ ሰንበት ሳይገባ እደውላለሁ።
«እንዴት ነህ አባዬ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ጉልበትህስ?»
«ይመስገን።»
«ምሳ በላህ?»
«ይመስገን ልጄ፣ አንቺስ?»
ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳል፣
አንድ ሰከንድ አይሞላም።
ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ሰው
ቁጥሩን ከደጅ ይሰጥሻል፤
አመስግነሽ ትመለሻለሽ።

በመጀመሪያው ባቡር ሄድኩ።
ለሃቪም ላይ አንድ ወታደር
ጠመንጃውን ታቅፎ ተኝቷል፤
ሜዳው ገና አልነጋም።
ደረጃውን ቆጠርኩ፦ ሰባ ሁለት።
በሩን ከፈተልኝ፣ ለብሷል፣ ተላጭቷል።
«ምነው በጠዋቱ? እኔ ደህና ነኝ» አለ።

ምንም አልጠየቅሁም።
ቀበቶውን አየሁ።
ፋብሪካው ከበሳቸው ቀዳዳዎች አልፎ
በምስማር የተበሱ ሁለት አሉ።
አንደኛው ዳሩ ጠቁሯል፣ ሰንብቷል።
ሁለተኛው ገና አዲስ ነው።